በእጅ መሣሪያ አልከፈት ስለሚል የእርሻ ትምህርት ቪዲዮ፤ ምክንያቱን ስለ መመርመርና ፋይሉን ስለ መለወጥ

ትምህርት ለተማሪው ካልደረሰ በጎተራ ተቈልፎ እንደ ተቀመጠ ዘር ነው፤ ዘሩ መልካም መሆኑ ቢመሰከርለትም መሬት ካልገባ አይበቅልም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የእርሻ ትምህርት በቃልና በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቪዲዮ፥ ማለት በተንቀሳቃሽ ሥዕል ጭምር ለገበሬው ይሰጣል። ለዚህ ዘዴ ምሳሌ የሚሆነው ዲጂታል ግሪን የተባለው ሥራ ነው። ይህ ሥራ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በህንድ አገር በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ውስጥ ተጀምሮ በ2008 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ፤ ኋላም ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሠርቷል። የሥራው ሥርዓት፥ የአንድ አካባቢ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ሲናገርና በእርሻው ላይ ሲሠራ ተቀርጾ፥ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው በትንሽ ፕሮጀክተር እንዲያዩት ማድረግ ነው። ገበሬ እንደ እርሱ እጁ ጭቃ የነካ ሰው የሚነግረውን ፈጥኖ ይቀበላልና።

ነገር ግን በወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ በደኅና የታየው ቪዲዮ፥ በልማት ሠራተኛው ስልክ ወይም በትንሹ ፕሮጀክተር ላይ በተጫነ ጊዜ «ይህ ፋይል ሊከፈት አይችልም» የሚል ቃል ብቻ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንድ ጊዜ ድምፁ እየተሰማ ሥዕሉ ይጠቁራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሥዕሉ እየታየ ድምፁ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ አንዱ ሠራተኛ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው የፋይሉን ስም ለውጦ ይሞክራል፤ ሦስተኛው ባገኘው ፕሮግራም ሁሉ እየደጋገመ ይለውጠዋል። ከሦስቱ አንዱም መድኃኒት አይደለም፤ ሦስቱም ሳይመረምሩ መፍረድ ነው።

ጕዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አለመሆኑን በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። የአሜሪካ መጤ ተምች የተባለው የበቆሎ ጠላት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በአፍሪካ ታየ፤ በ2017 ዓ.ም.፥ ማለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ገባ። ተምቹ ከእንቍላሉ ከተፈለፈለ በኋላ በትልነት የሚቈየው በሞቃት አገር ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ብርድ ባለበት ይረዝማል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ትንሽና ደካማ ስለ ሆነ እንቍላሉን በእጅ ለቅሞ፥ ትሉንም በመድኃኒት ማጥፋት ይቻላል። ካደገ በኋላ ግን በበቆሎው መኻል በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ስለሚሸሸግ መድኃኒቱ አያገኘውም። እንግዲህ እንቍላሉንና ትንሹን ትል ለይቶ ማወቅን የሚያስተምር ቪዲዮ ከቀበሌው ደርሶ፥ የሚከፍተው ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ፥ ትምህርቱ የሚሰማው በቆሎው ከተበላ በኋላ ነው። ስለዚህ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ኀላፊ የዘሩንና የማዳበሪያውን መዘግየት እንደሚቈጣጠር ሁሉ፥ የቪዲዮውንም መዘግየት ሊቈጣጠር ይገባዋል።

1ኛ፤ ስለ ስልቻውና ስለ እህሉ

የብዙው ችግር ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም የፋይሉን ስም አይቶ ውስጡ የታወቀ መምሰሉ ነው። ቪዲዮ የተባለው ፋይል መያዣና በመያዣው ውስጥ ያለ ነገር ተብሎ በሁለት ይከፈላል። መያዣው እንደ ስልቻ ነው። ኤም ፒ 4፥ 3 ጂ ፒ፥ ኤ ቪ አይ፥ ኤም ኬ ቪ፥ ኤም ኦ ቪ የሚባሉት በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የሚታዩት ቅጥያዎች የስልቻ ስሞች ናቸው። በስልቻው ውስጥ ያለው እህል ደግሞ ሥዕሉና ድምፁ ነው። ሥዕልና ድምፅ እንደ ተቀረጸ ቢቀመጥ እጅግ ሰፊ ቦታ ስለሚፈጅ በስሌት ተጨምቆ ይጻፋል፤ ይህ የመጭመቂያና የመፍቻ ዘዴ ኮዴክ ይባላል።

የሥዕል ኮዴኮች ብዙ ናቸው። ኤች 263 የሚባለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መካከል የወጣ ሲሆን የቀድሞዎቹ ትናንሽ ስልኮች የሚያነቡት እርሱን ነው። ኤች 264 በ2003 ዓ.ም. ወጣ፤ ዛሬ በብዙዎች መሣሪያዎች ዘንድ የታወቀው ይህ ነው። ኤች 265 በ2013 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ለአንድ ዓይነት ጥራት ከኤች 264 እጅግ ያነሰ ቦታ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ለመፍታት ብዙ ጕልበት ስለሚጠይቅ አሮጌና ርካሽ የሆኑት መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ አያውቁትም። ለድምፅም እንዲሁ ኤ ኤ ሲ፥ ኤም ፒ 3፥ ኤ ኤም አር የሚባሉ ኮዴኮች አሉ።

በስልቻው ላይ «ጤፍ» ተብሎ ቢጻፍም ውስጡ ገብስ ሊሆን እንደሚችል፥ ስሙ ኤም ፒ 4 የሆነ ፋይልም በውስጡ ኤች 264 ወይም ኤች 265 ሊይዝ ይችላል። በሣጥኑ ላይ «ኤም ፒ 4 ያነባል» ተብሎ የተጻፈለት መሣሪያ አንዱን ኤም ፒ 4 ከፍቶ ሁለተኛውን እምቢ የሚልበት ምክንያት ይህ ነው። የፋይሉን ቅጥያ ከኤም ኬ ቪ ወደ ኤም ፒ 4 አሻሽሎ የሚጽፍ ሠራተኛም በስልቻው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፋቀ እንጂ ስልቻውንም እህሉንም አልለወጠም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን የታወቀ ነገር አለ። አፕል የተባለው ኩባንያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. አይ ኦ ኤስ 11 የተባለውን የስልክ ሥርዓት ባወጣ ጊዜ፥ ከአይፎን 7 ጀምሮ ያሉት ስልኮች ባለቤቱ ሌላ ካልመረጠ በቀር ቪዲዮን በኤች 265 እንዲቀርጹ አደረገ። በእንዲህ ያለ ስልክ የተቀረጸ የእርሻ ቪዲዮ ከክልል ወደ ወረዳ ቢላክ፥ በአሮጌ ስልክ ላይ ጥቁር ሆኖ ቢቀር የሚያስደንቅ አይደለም። ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ መሣሪያውም ጤነኛ ነው፤ የማይግባቡት ቋንቋቸው ስለ ተለያየ ነው።

ደግሞም አንዱ ኮዴክ በውስጡ ደረጃ አለው፤ ይህም ደረጃ ፕሮፋይል ይባላል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤት፥ ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት እንዳለ ሁሉ፥ በኤች 264ም ቤዝላይን የሚባል ዝቅተኛ፥ ሜይን የሚባል መካከለኛ፥ ሃይ የሚባል ከፍተኛ ደረጃ አለ። ከንባብ ቤት ያልወጣ ተማሪ ቅኔ ፍታ ቢሉት እንደማይችል፥ ቤዝላይን ብቻ የሚያነብ መሣሪያም በሃይ የተጻፈውን መፍታት አይችልም። አፕል በ2005 ዓ.ም. ያወጣው ቪዲዮ የሚያሳይ አይፖድ ኤች 264ን ያነብ ነበር፤ የሚያነበው ግን ቤዝላይኑን ብቻ፥ ስፋቱ 320 ቁመቱ 240 ነጥብ የሆነውን፥ ቢትሬቱም በሰከንድ ከ768 ኪሎ ቢት የማይበልጠውን ነበር። ኮዴኩን ብቻ አይቶ ደረጃውን ሳይመለከት የለወጠ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆንበት ነበር።

2ኛ፤ ከመለወጥ አስቀድሞ ስለሚደረግ ምርመራ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፥ ከመለወጥ መመርመር ይቅደም። ምርመራውም በሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው የመሣሪያውን አቅም ማወቅ ነው። የመሣሪያው መመሪያ መጽሐፍ ከተገኘ ከዚያ ይነበባል። መጽሐፉ ከጠፋ ግን ቀላል ዘዴ አለ፤ ካሜራ ያለው ስልክ ከሆነ በራሱ ካሜራ 10 ሰከንድ ያህል ቪዲዮ ተቀርጾ ፋይሉ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። መሣሪያ ራሱ የጻፈውን ራሱ ያነባልና፥ ያ ፋይል የተጻፈበት ኮዴክና መጠን ለሚለወጠው ቪዲዮ ሁሉ አብነት ይሆናል። ካሜራ የሌለው ፕሮጀክተር ከሆነ ደግሞ ከዚህ ቀደም በርሱ ላይ በደኅና የታየ አንድ ፋይል ተፈልጎ ይመረመራል።

ሁለተኛው የፋይሉን ውስጥ ማየት ነው። ቪ ኤል ሲ የተባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ቪዲዮውን ከከፈተ በኋላ በመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ «የኮዴክ መረጃ» የሚለውን ሲጫኑት የፋይሉን ውስጥ ይዘረዝራል፤ ሚዲያኢንፎ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ከዚያ አብልጦ ይዘረዝራል። ሠራተኛው ከሁለቱ በአንዱ አይቶ ስምንት ነገሮችን በወረቀት ይጽፋል፤ እነርሱም መያዣው፥ የሥዕሉ ኮዴክ፥ ፕሮፋይሉ፥ ስፋቱና ቁመቱ፥ በሰከንድ የሚያልፉት ፍሬሞች ቍጥር፥ ቢትሬቱ፥ የድምፁ ኮዴክና የድምፁ ናሙና ብዛት ናቸው። ይህ ወረቀት ከመሣሪያው አብነት ጋር ጎን ለጎን ሲተያይ ልዩነቱ ያለበት ቦታ ወዲያው ይገለጣል።

ሦስተኛው ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በኤም ፒ 4 ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ሥዕልና ድምፅ በየት ቦታ እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለ፤ ስልኩም ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። በቀረጻው መኻል ባትሪው አልቆ ስልኩ ቢጠፋ፥ ወይም ፋይሉ ተገልብጦ ሳያልቅ ካርዱ ቢነቀል፥ ማውጫው ሊጐድል ይችላል። ማውጫ የሌለው ፋይል በኮምፒውተርም በስልክም አይከፈትም፤ መለወጫ ፕሮግራምም አያድነውም። እንግዲህ ፋይሉ በኮምፒውተሩ ላይም ካልተከፈተ፥ የፋይሉ መጠን በባይት ከላኪው ጋር ይመሳከርና ልዩነት ካለው እንደገና ይገለበጣል እንጂ በመለወጥ ጊዜ አይጠፋም።

ምልክቶቹም ራሳቸው ይናገራሉ። ድምፁ ተሰምቶ ሥዕሉ ከጠቈረ መሣሪያው የሥዕሉን ኮዴክ ወይም ደረጃውን አላወቀም ማለት ነው። ሥዕሉ ታይቶ ድምፁ ከጠፋ ያልታወቀው የድምፁ ኮዴክ ነው። ሥዕሉ እየተንገጫገጨ ከሄደ ኮዴኩ ታውቋል፤ የበዛው ሸክሙ ነው። መኻል ላይ ደርሶ ከቆመ ግልበጣው አልተፈጸመም፥ ወይም ካርዱ ታሟል።

3ኛ፤ ስለ መለወጥ ሥራ

ምርመራው ከተፈጸመ በኋላ የሚለወጠው የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ደኅናውን ሥዕል ያለ ምክንያት እንደገና መጭመቅ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሥዕሉና ድምፁ ለመሣሪያው የሚስማሙ ሆነው መያዣው ብቻ ከተለየ፥ እህሉን ሳይነኩ ስልቻውን መለወጥ ይበቃል። ኤፍ ኤፍ ምፔግ የተባለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው ነጻ ፕሮግራም «ኮፒ» በሚለው ትእዛዝ ይህን ያደርጋል፤ ሥራው በጥቂት ጊዜ ያልቃል፥ ጥራቱም ከቶ አይቀንስም። የተለየው ድምፁ ብቻ ከሆነ ሥዕሉ እንዳለ አልፎ ድምፁ ብቻ ይለወጣል። ሥዕሉ ራሱ ያልተስማማ እንደ ሆነ ብቻ ሁሉም ተፈትቶ እንደገና ይጨመቃል፤ ይህን ሥራ ኤፍ ኤፍ ምፔግም፥ ለመልመድ የሚቀለው ሃንድብሬክም ይሠሩታል። ሃንድብሬክ ግን ሥዕሉን ሁልጊዜ እንደገና ስለሚጨምቅ ስልቻ ብቻ ለመለወጥ አይሆንም፤ 3 ጂ ፒም አያወጣም።

በሥዕሉ ላይ የሚደረግ መጭመቅ ሁሉ ከጥራቱ ጥቂት ይወስዳል። የተወሰደውም አይመለስም፤ የተፈጨ ዱቄት ተመልሶ እህል አይሆንምና። ስለዚህ ልወጣው ምን ጊዜም የሚጀመረው ከመጀመሪያው ፋይል ነው። የተለወጠውን ደግሞ መለወጥ ከግልባጭ ላይ እንደ መገልበጥ ነው፤ ጸሓፊው የቀዳሚውን ስሕተት ጠብቆ የራሱን ይጨምርበታል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ፋይል በወረዳው ጽሕፈት ቤት በተለየ ማኅደር ተቀምጦ ማንም እንዳይነካው ያስፈልጋል።

የመሣሪያው አቅም በርግጥ ባልታወቀ ጊዜ ለብዙዎቹ ስልኮችና ትናንሽ ፕሮጀክተሮች የሚስማማው ልክ የሚከተለው ነው። መያዣው ኤም ፒ 4፤ የሥዕሉ ኮዴክ ኤች 264፥ ፕሮፋይሉ ቤዝላይን፥ ሌቭል የሚባለው መጠኑ 3.0፤ ስፋቱ 640 ቁመቱ 360 ነጥብ፤ በሰከንድ 25 ፍሬም፤ የሥዕሉ ቢትሬት በሰከንድ 600 ኪሎ ቢት፤ ድምፁ ኤ ኤ ሲ ሆኖ 64 ኪሎ ቢት። ስፋቱ 1920 ቁመቱ 1080 የሆነው የተለመደው ቀረጻ በ3 ሲካፈል 640 በ360 ስለሚሆን የሥዕሉ ቅርጽ አይዛባም። ኤች 263ን ብቻ ለሚያነብ አሮጌ ስልክ ደግሞ መያዣው 3 ጂ ፒ፥ ስፋቱ 176 ቁመቱ 144 ነጥብ፥ ድምፁም ኤ ኤም አር በአንድ መስመር በ8000 ናሙና ይሆናል። ኤ ኤም አር ለንግግር የተሠራ ነው፤ የሰውን ቃል በደኅና ያስተላልፋል፥ ዘፈንና ክራር ግን ያበላሻል። ስለዚህ ትምህርቱ ከዘፈን ጋር የተቀረጸ ከሆነ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

የሚወጣው ፋይል ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ በስሌት ይታወቃል። የሥዕሉና የድምፁ ቢትሬት ተደምሮ በቪዲዮው ሰከንዶች ቍጥር ይባዛል፥ ውጤቱም በ8 ይካፈላል። ለ10 ደቂቃ ቪዲዮ 600 እና 64 ሲደመር 664 ነው፤ በ600 ሰከንድ ሲባዛ 398,400 ኪሎ ቢት፥ በ8 ሲካፈል 49,800 ኪሎ ባይት፥ ማለት 50 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል። በ4 ጊጋ ባይት ካርድ ላይ እንዲህ ያለው ቪዲዮ ከ70 የሚበልጥ ይገባል። ይህን ስሌት የሚያውቅ ሠራተኛ ካርዱ ሞላ ብሎ ከመንገድ አይመለስም።

ሙሉው ቪዲዮ ከመለወጡ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ተለውጦ በመሣሪያው ላይ ይፈተናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፥ ሁለት ሰዓት ለውጦ ከመሳት አንድ ደቂቃ ለውጦ ማረም ይሻላል። የሚፈተነውም ደቂቃ ሰው ቆሞ የሚናገርበት ሳይሆን፥ እጅ የሚንቀሳቀስበትና ትንሽ ነገር በቅርብ የሚታይበት ይሁን። ፈተናውም ከወረዳው ባሉት መሣሪያዎች መካከል በደካማው ላይ ይደረግ፤ በደካማው የተከፈተ በብርቱው መከፈቱ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል።

4ኛ፤ ከልወጣ በኋላ ስለሚታዩ ጕድለቶችና ስለ መድኃኒታቸው

አፍና ድምፅ እየተለያየ የሚሄድ እንደ ሆነ፦ ብዙዎች ስልኮች ሲቀርጹ በሰከንድ የሚያልፉትን ፍሬሞች እንደ ብርሃኑ መጠን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳንድ መሣሪያ ይህን መከተል አይችልም። መድኃኒቱ ሲለወጥ የፍሬሙን ቍጥር በ25 ወይም በ30 ጸንቶ እንዲቆም ማድረግ ነው።

ሰዉ የቀጠነ ወይም የወፈረ መስሎ ከታየ፦ ስፋቱና ቁመቱ በተለያየ ልክ ተቀንሷል። 320 በ240 ለሆነ መስተዋት፥ ሰፊው ሥዕል 320 በ180 ሆኖ ከላይና ከታች ጥቁር ቦታ ይተውለታል እንጂ አይለጠጥም። ስፋቱም ቁመቱም ሙሉ በሙሉ በ2 የሚካፈል ቍጥር ይሁን፤ ጎዶሎ ቍጥር ከሆነ መለወጫው ፕሮግራም ሥራውን እምቢ ሊል ይችላል።

ሥዕሉ በጎኑ ተኝቶ ከታየ፦ ስልኩ ቆሞ በተቀረጸ ጊዜ ሥዕሉን ራሱን አላዞረውም፤ «ሲታይ ይዙር» የሚል ምልክት ብቻ ጻፈበት። ምልክቱን የማያነብ መሣሪያ እንደ ተኛ ያሳየዋል። መድኃኒቱ በልወጣ ጊዜ ሥዕሉን ራሱን ማዞር ነው።

ኮዴኩ ተስማምቶ ሳለ ሥዕሉ ከጠቈረ ወይም ቀለሙ ከተበላሸ፦ ቀረጻው 10 ቢት በሚባለው የቀለም ልክ የተጻፈ እንደ ሆነ ይመርመር። ብዙዎች መሣሪያዎች የሚያውቁት 8 ቢቱን ስለ ሆነ ወደዚያ ይለወጣል።

ሥዕሉ ከተንገጫገጨ፦ አስቀድሞ ስፋቱና ቁመቱ ይቀነስ፤ ካልበቃ ቢትሬቱ ይቀነስ።

ከሁሉ የሚከፋው ጕድለት ግን ጕድለት የማይመስለው ነው፤ ይኸውም ቪዲዮው ተከፍቶ እያለ ትምህርቱ የማይታይ ሲሆን ነው። የተምቹ እንቍላል በቅጠል ላይ ተከማችቶ የሚገኝ እጅግ ደቃቅ ነገር ነው። ቢትሬቱ ከልክ በላይ የተቀነሰበት ቪዲዮ እንቍላሉን ከቅጠሉ ጋር አደባልቆ አንድ አረንጓዴ ጭጋግ ያደርገዋል። ሠራተኛው «ተከፍቷል» ብሎ ይመዘግባል፤ ገበሬው ግን ያየው የሚናገር ሰው ብቻ ስለ ሆነ ወደ በቆሎው ሲመለስ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ስለዚህ የልወጣ ፈተና የሚያበቃው ፋይሉ ሲከፈት ሳይሆን፥ ቪዲዮውን ያላየ አንድ ሰው ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ የታየውን ነገር በቃሉ መናገር ሲችል ነው። ካልቻለ ቢትሬቱ ከፍ ይበል፤ ይህም ካልረዳ፥ የሥዕሉ ዳር ዳር ተቈርጦ የሚፈለገው ነገር ጎልቶ እንዲታይ ይደረግ።

5ኛ፤ ስለ ካርዱና ስለ ፋይሉ ስም

ፋይሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ካርዱ የሚከለክልበት ጊዜ አለ። እስከ 32 ጊጋ ባይት ያሉት ካርዶች ባብዛኛው ፋት 32 በሚባል ሥርዓት የተሰናዱ ናቸው፤ ይህ ሥርዓት ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ካርዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ፋይሉ «ቦታ የለም» ከተባለ ምክንያቱ ይህ ነው። ከ32 ጊጋ ባይት የሚበልጡት ካርዶች ደግሞ ኤክስፋት በሚባል ሥርዓት ስለሚሰናዱ አሮጌ መሣሪያ ካርዱን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ለአሮጌ መሣሪያ ትንሽ ካርድ መምረጥ ይገባል።

የፋይሉ ስም አጭር ሆኖ በላቲን ፊደልና በቍጥር ብቻ ይጻፍ፤ የግእዝን ፊደል የማያውቅ መሣሪያ ስሙን ባዶ ሣጥን አድርጎ ሊያሳየው ወይም ፋይሉን ሊዘለው ይችላልና። የቪዲዮው የአማርኛ ወይም የሌላ ቋንቋ ርእስ ከካርዱ ጋር በሚሄድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ካርዱም ከኮምፒውተሩ ሲወጣ አስቀድሞ «በደኅና አውጣ» የሚለው ትእዛዝ ይሰጥ፤ በድንገት የተነቀለ ካርድ ጕድለቱ የሚገለጠው ሕዝቡ ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

6ኛ፤ በሥዕሉ ግርጌ ስለሚጻፍ ጽሑፍ

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ፊደሉ በመዝገብ መግባቱ በየመሣሪያው ውስጥ መኖሩን አያረጋግጥም። በተለየ ፋይል የተያያዘ የግርጌ ጽሑፍ በኮምፒውተር ላይ አምሮ ታይቶ በትንሹ መሣሪያ ላይ ተራ ሣጥን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒት መጠንና የመርጨት ቀን የሚነገርበት ጽሑፍ በልወጣ ጊዜ ከሥዕሉ ጋር ተቀላቅሎ እንዲታተም ማድረግ የታመነ ነው። ፊደሉም ትልቅና ጥቂት ቃል ብቻ ይሁን። ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ደግሞ በጽሑፍ ያለው ቍጥር ሁሉ በድምፅም መነገር አለበት፤ ድምፁ የጐደለበት ቪዲዮ ለርሱ ያልተላከ ያህል ነውና።

ስለ ሥራው አፈጻጸም

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው እውቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ ይኑር። በመዝገቡም ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ገጽ ተሰጥቶ፥ መሣሪያው የሚያነበው መያዣ፥ ኮዴክ፥ ፕሮፋይል፥ ስፋትና ቁመት፥ ቢትሬትና የካርዱ ዓይነት ይጻፍ። ልማዱን የሚያውቀው ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር፥ ተተኪው ገጹን ገልጦ ሥራውን በዚያው ቀን ይጀምራል። ቪዲዮ የሚልከው የበላይ ክፍልም የመጀመሪያውን ፋይል በሚልክበት ጊዜ የውስጡን ዝርዝር አብሮ ቢጽፍ የታችኛው ግማሽ ድካም ይቀርለታል።

አዲስ ቪዲዮ በደረሰ ጊዜ ኀላፊው ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፤ በወረዳው ባለው ደካማ መሣሪያ ላይ ተፈትኗልን? ፈተናውን ያየ ሰው የተማረውን ተናግሯልን? የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ ተቀምጧልን? ለሦስቱ ጥያቄዎች መልሱ «አዎን» ከሆነ ካርዱ ወደ ቀበሌው ይሂድ። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ በዚያው ቀን ይታረም፤ በሜዳ ያለው ተምች ፋይሉ እስኪስተካከል አይጠብቅምና።